የገና ጾም በጃቫ

ስለ ኢንዶኔዥያ ምግብ የሚጻፈው ሁሉ በሥጋ ይጀምራል። ረንዳንግ ቅመሱ፣ በስንጥር የተሰካውን ሳቴ እዘዙ፣ ባሊ ከደረሳችሁ ደግሞ ሙሉውን የተጠበሰው አሳማ እንዳያመልጣችሁ ይላል። እንደ እኔ ያለ የመንዝ ልጅ ይህን ምክር አምኖ ቢሄድ ጦሙን ነው የሚያድረው። አሳማው አይነሣም። የቀረው ሥጋ ከሞላ ጎደል የሙስሊም እርድ ነው፤ ከሕዝቡ ከመቶ 85 የሚበልጠው ሙስሊም ነውና። እኛ ዘንድ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ሥጋ፣ ክርስቲያኑም ከሙስሊሙ ሥጋ አይቀርብም፤ በለቅሶውም በሠርጉም አብሮ ይውላል፣ ድስቱ ግን ይለያል። ይህ ሥርዓት ባሕር ተሻግሮም ይጠበቅ አይጠበቅ የሚለውን ከየንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት። እኔ ጠብቄዋለሁ። ጠብቄውም አልተራብኩም፤ እንዲያውም ጃቫን ያህል ጾመኛን የሚያጠግብ አገር አላየሁም። (ያየኋቸው አገሮች ጥቂት ስለሆኑ ምስክርነቴን በልኩ ውሰዱት።)

ለማስተርስ ትምህርት ጃቫ ደሴት ላይ ያለችው ዮግያካርታ ከተማ የገባሁት የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ነበር፤ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ለታዳጊ አገር ተማሪዎች በሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል። እማዬ ከሞላሌ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ ያነሣችው የትምህርቱን ነገር አልነበረም።

«ሥጋው የማን ነው?»

«ጾም ነው እኮ እማዬ።»

«እሱስ ይፈታል።»

ጾሙ ተፈታ። እኔ ግን ከገና በኋላም የጾም መብላቴን ቀጠልኩ፤ ቸግሮኝ ሳይሆን ጥሞኝ።

የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዋርተግን ነው። ከማዕከላዊ ጃቫ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ተጋል ከምትባል ከተማ የመጡ ሰዎች ያስፋፉት ርካሽ ምግብ ቤት ሲሆን ጃካርታ ውስጥ የሌለበት ሰፈር የለም። ምግቡ ተሠርቶ በመስታወት ውስጥ በየሳህኑ ተደርድሯል፤ ሩዙ ይወጣላችኋል፣ ሌላውን እየጠቆማችሁ ታስጨምራላችሁ። ስትጠቁሙ በሌባ ጣት አይሁን፤ ጃቫ ላይ ነውር ነው። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ነው የሚዘረጋው። በግራ እጅ መስጠትና መቀበል እንደሚያስነውር ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሩዝ፣ ሁለት ዓይነት አትክልት፣ ቴምፔና ታሁ (ሁለቱም የአኩሪ አተር ሥራ ናቸው፣ እመለስባቸዋለሁ) አስደርጋችሁ ከ20 ሺህ ሩፒያ በታች ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ሻዩ ካልተናገራችሁ ስኳር ተጨምሮበት ይመጣል፤ የማይፈልግ «ቴህ ታዋር» ይበል። ሩዝ ያልቀመሰ ጃቫዊ ምን ቢበላ «ገና አልበላሁም» ነው የሚላችሁ፤ ኑድሉ፣ ዳቦው፣ ድንቹ ሁሉ መክሰስ ነው። ልጆቻችን ከደብረ ብርሃን ሱቆች የሚገዙት ኢንዶሚ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1972 እዚያ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ እነሱ ግን እሱንም አንዳንዴ በሩዝ ይበሉታል።

የፓዳንግ ምግብ ቤት አሠራሩ ይለያል። ከተቀመጣችሁ በኋላ አስተናጋጁ ሳህኖቹን እስከ ክንዱ ደርድሮ ይመጣና ሳትጠይቁ ጠረጴዛውን ይሞላዋል። የምትከፍሉት የነካችሁትን ብቻ ነው፤ ያልነካችሁት ተመልሶ ይሄዳል። ዝነኛው ረንዳንግ እዚህ ነው ያለው፤ የምዕራብ ሱማትራ ሚናንግካባው ሕዝብ የበሬ ሥጋ በኮኮናት ወተትና በቅመም ለሰዓታት አብስሎ፣ መረቁ አልቆ ሥጋው እስኪጠቁር የሚያቆየው፣ ሳይበላሽ ሳምንታት የሚከርም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲኤንኤን ባደረገው የአንባቢዎች ምርጫ ከዓለም ምግቦች አንደኛ ወጥቷል። እኔ የማውቀው ሽታውን ነው። በዚያው ቤት የካሳቫ ቅጠልና ለጋ ጃክፍሩት በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ይገኛል፤ ግን ከሥጋው መረቅ ጋር ስለሚነካካ ለጾም ቀን አላምነውም።

አሁን ወደ ቴምፔ። ታሁ፣ ማለትም ቶፉ፣ ከቻይና የመጣ ነው። ቴምፔ ግን የጃቫ ሰዎች የራሳቸው ሥራ ነው። አከራዬ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ «ኢቡ» የምንላቸው እናት፣ ሻጋታ መሆኑን ሰምቼ ፊቴ ሲቀያየር አይተው ከጎረቤታቸው ቴምፔ ሠሪ ቤት ወሰዱኝ። አኩሪ አተሩ ይቀቀላል፣ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ተሸቶ ልጣጩ ይለቃል፣ እንደገና ይቀቀላል። ተጠንፍፎ ሲበርድ ራጊ የሚሉት እርሾ ይነሰነስበታል። ራጊው ራይዞፐስ የሚባለው ሻጋታ ዘር ነው። ከዚያ በሙዝ ቅጠል ወይም በተበሳሳ ፌስታል ተጠቅልሎ 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ሻጋታው እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ፍሬውን ከፍሬው ያጣብቀዋል፤ ሲወጣ በቢላ የሚቆረጥ ጠንካራ ግግር ነው። ጥሩው ቴምፔ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖርበት አይጎዳም፤ ከተዝለገለገ ወይም ከቀላ ግን ይጣላል። ዕድሜው ገፋ ብሎ መሽተት የጀመረውን እንኳ የምሥራቅ ጃቫ ሴቶች አይጥሉትም፤ ሳምባል ቱምፓንግ የሚባለውን ወጥ ያጣፍጡበታል። በ100 ግራም ውስጥ 19 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሥጋ በማይበላበት ወር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አበሳሰሉ ብዙ ነው። ዮግያካርታ ላይ በኮኮናት ውሃ፣ በድንብላል፣ በሮቃና በዘንባባ ስኳር ቀቅለው ቡናማ ሲሆን ይጠብሱታል፤ ባቸም ይሉታል። የእኔ ምርጫ ግን ከፑርዎከርቶ አካባቢ የመጣው መንዶዋን ነው። ቴምፔው በስሱ ተቆርጦ፣ ሩዝ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ባለው ሊጥ ተነክሮ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሳይደርቅ፣ ገና ለስላሳ ሳለ ይወጣል። በአንድ እጅ መንዶዋን በሌላው ጥሬ ሚጥሚጣ ቃሪያ እየተገመጠ ነው የሚበላው። ዝናብ እየወረደ ከሆነ ደግሞ ስንቱን እንደበላችሁ አትቆጥሩም። የነቢያት ጾም ጃቫ ላይ የዝናብ ወቅት ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ያህል የእነሱ የሆነው ምግብ የሚሠራበት አኩሪ አተር አብዛኛው ከአሜሪካ በመርከብ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የአኩሪ አተር ዋጋ ሲንር ቴምፔ ሠሪዎች ለቀናት ሥራ አቁመው ገበያው ባዶ ሆኖ ነበር። በሌላው ጊዜ ዋጋ ሲጨምር ዋጋውን ትተው ቴምፔውን ያሳንሱታል። የኢቡ ጎረቤት ሲያስረዱኝ በጣታቸው ውፍረቱን እያሳዩ ሳቁ፤ ደንበኛ ብር ሲጨመርበት ይሄዳል፣ ቴምፔው ሲሳሳ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ለአገሬ ሰው ልንገር። ባንዩማስ በሚባለው አካባቢ ድሃው ሕዝብ ዘይቱ ከተጨመቀ የኮኮናት ዝቃጭ ቴምፔ ቦንግክረክ የሚባል ይሠራ ነበር። ጎጂ ባክቴሪያ ከገባበት መርዝ ያወጣል፤ ለብዙ ዓመታት ቤተሰብ እየጨረሰ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1988 ታገደ። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ጓያ ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያን አዘውትሮ በልቶ እግሩ የተሳሰረ ሰው እኛ አገርም አለ። በሁለቱም አገር ሰዉ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚበላው። ተጓዦች ግን አትስጉ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት የአኩሪ አተር ቴምፔ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ራጊ በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል፣ ደረቅ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ችግር የለውም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በባቄላ ክክ እሠራለሁ፤ ልጣጩ ቀድሞ ስለወጣ ድካሙ ግማሽ ነው። ፈተናው ብርዱ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ኅዳር ሌሊት 30 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ካርቶን ውስጥ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ አስገብቼ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እቀይራለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ሻጋታው ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ከዚያ ወዲያ ሃይላንዱ አያስፈልግም። ጣዕሙ ከአኩሪ አተሩ ቀለል ይላል፣ ለመንዶዋን ግን አንደኛ ነው። ባለቤቴ በአዋዜ ነው የምትበላው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ ወጥመዱን ልንገራችሁ፤ ስሙ ተራሲ ነው። ደቃቅ ሽሪምፕ በጨው ተብላልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚሠራ ጠይም ጥፍጥፍ ነው። አውራ ጣት ጥፍር የምታህለው ቁራሽ ድስት ሙሉ ታጣፍጣለች። የምታዩት አትክልት ብቻ የሆነ ሳህን ውስጥ ይደበቃል፤ ሳምባል በሚሉት የቃሪያ ድልህ፣ በውሃ ዳር በሚበቅለው የካንግኩንግ ጎመን ጥብስ፣ ሮቃ በሚገባበት የሳዩር አሰም ሾርባ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብሎ የሚከራከር ሰው እንኳ እዚህ መከራከሪያ የለውም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነውና ጾምም ሆነ ፍስክ አይነካም። ከሁሉ ጎን የሚቀርበው ክሩፑክ የሚባለው ተነፍቶ የሚጠበስ ቂጣም ብዙውን ጊዜ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ አለበት። በእሱ ፈንታ ከመሊንጆ ፍሬ የሚሠራውን ኤምፒንግ ጠይቁ፤ ምሬቱ ይለመዳል።

ስለዚህ «ታንፓ ተራሲ» የሚለውን ከሰላምታ ቀጥላችሁ አጥኑት፤ ያለ ተራሲ ማለት ነው። «ታንፓ ተሉር» ያለ እንቁላል፣ «ታንፓ ኡዳንግ» ያለ ሽሪምፕ። ሥጋ አልበላም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ተራሲን እንደ ጨው ነው የሚያዩት። አንዲት ሻጭ «ታንፓ ተራሲ» ስላት በጣቷ ጫፍ እያሳየችኝ «ትንሽ ብቻ ናት እኮ!» አለችኝ። ልትሸነግለኝ አልነበረም፣ ያለሱ የሚበላ ሰው አሳዝኗት ነው።

ከዚህ የሚያድናችሁ ምግቡ ዓይናችሁ ሥር የሚፈጭበት ቦታ መብላት ነው። የጋዶ ጋዶና የሎቴክ ሻጮች ቾበክ የሚባል ጎድጎድ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተጠበሰ ለውዝ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘንባባ ስኳርና ሮቃ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻ ይፈጩለታል። ስንት ቃሪያ እንደምትፈልጉ ቆጥረው ይጠይቋችኋል። ተራሲው ሳይገባ «ታንፓ» ማለት ነው፣ አለቀ። ከዚያ የተቀቀለ ጎመን፣ ባቄላ እሸት፣ የበቀለ ማሾ፣ ታሁ፣ ቴምፔና በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ እዚያው ድንጋይ ላይ ይታሻል። ለውዙም ቃሪያውም ከአሜሪካ አህጉር በመርከብ የሄደ ነው፣ የእኛም በርበሬ ከዚያው ነው የመጣው፤ ግን ያለ እነሱ ሁለታችንም ምን እንበላ እንደነበር አላውቅም። የማዲዩን ሰዎች ፐቸል የሚሉትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለውዙ ላይ የሎሚ ቅጠልና ከንቹር የሚባል የዝንጅብል ዘመድ ይገባበታል። ለእኔ ፐቸል ከጋዶ ጋዶ ይበልጣል።

የዮግያካርታ ኩራት ጉደግ ነው። ለጋ ጃክፍሩት በኮኮናት ወተትና በዘንባባ ስኳር ለሰዓታት ይበስላል፣ የቲክ ዛፍ ቅጠል ደግሞ ወይን ጠጅ የሚመስል ቀለም ይሰጠዋል። ያየው ሰው ቀይ ወጥ ነው ብሎ ይጎርሳል። ጣፋጭ ነው! ወጥ ውስጥ ስኳር! ከዶሮውና ከበሬ ቆዳው ለይቶ ማዘዝ ይቻላል። ዮግያካርታ የሚኖር ሰው ጉደግ አልወድም ቢል ጎረቤት ያጣል፤ እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ስላለሁ ልናገር፤ አልወደውም።

ኢቡ ቤት ሰላማታን ሲኖር ግን ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲሠራ የሰፈሩ ወንዶች ተጠርተው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ መሐል ላይ ቱምፐንግ፣ ማለትም እንደ ሾጣጣ ተራራ የቆመ ሩዝ ይቀመጣል። ይህ ቱምፐንግ እ.ኤ.አ. በ2014 በቱሪዝም ሚኒስቴራቸው የአገሪቱ መለያ ምግብ ሆኖ ተመርጧል። እዚያው ተቀምጦ ብዙ አይበላም፤ እያንዳንዱ ድርሻውን በሳጥን ይዞ ለቤተሰቡ ይሄዳል። ኢቡ ለእኔ ዶሮውን አውጥተው ኡራፕ ያበዙልኝ ነበር፤ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል በተፈቀፈቀና በተቀመመ ኮኮናት የተለወሰ። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ነገርኳቸው፣ ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቁኝም። ጾም ምን እንደሆነ ለሙስሊም ሴት ማስረዳት አይከብድም።

ቅመሙን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ጠጅ ሳሩ፣ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ድንብላሉ እዚያም አለ፤ ከጥምዝ ወገን የሆነ ረጅም ቁንዶ በርበሬ ባሊዎች ቅመማቸው ውስጥ ይጨምራሉ። ሻያችን ውስጥ የምንጥለው ቅርንፉድ አገሩ ሰሜን ማሉኩ ነው፤ ተርናቴና ቲዶሬ የተባሉት ትንንሽ ደሴቶች። ገውዝ ደግሞ ከባንዳ ደሴቶች በቀር የትም አይበቅልም ነበር። ደች፣ ማለትም ሆላንዶች፣ እ.ኤ.አ. በ1621 ባንዳን በጦር ያዙና አብዛኛውን ሕዝብ ገደሉ፣ ሸጡ፣ አሳደዱ። በ1667 በብሬዳ ስምምነት ሩን የምትባለው የገውዝ ደሴት ለደች ስትጸና ማንሃተን ለእንግሊዝ ቀረች። አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚራገፍባት ገበያ ነበረች፤ ዛሬ ቁልቁል ወርዶ ያያት ያን ሁሉ ግርግር አይገምተውም፣ ተርናቴም እንደዚያው ነው ይላሉ የሄዱት። ደግሞ ይህን ያህል ደም የፈሰሰበትን ቅርንፉድ ኢንዶኔዥያውያን ዛሬ በአብዛኛው ያጨሱታል! ክሬቴክ የሚባለው ሲጋራቸው ትምባሆና ቅርንፉድ ነው፤ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ የሚቀበላችሁ ሽታ እሱ ነው።

ሆድ ለነካው ሰው ጃሙ አለ፤ ሴቶች ጠርሙሶቹን በቅርጫት አድርገው በጀርባቸው አዝለው የሚያዞሩት የሥራ ሥር መጠጥ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። እርድና ሮቃ ያለበትን ጠጡ። ፍራፍሬውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ማንጎስቲን እንዳያመልጣችሁ፣ ዱሪያን ግን ሽታው ከባድ ነውና ሆቴል ውስጥ ይዛችሁ አትግቡ።

ቡናውስ? ደች እ.ኤ.አ. በ1696 ከህንድ ማላባር ጠረፍ ችግኝ ወደ ጃቫ ወሰዱ፤ እሱ በጎርፍ ጠፍቶ በ1699 ደገሙት። አረቢካው የእኛው ዘር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቅጠል ዋግ ቆላውን ተክል ሲፈጀው ሮቡስታ ተተካ፤ ዛሬም የሚበዛው ሮቡስታ ነው፣ መራራና ከባድ። የተለመደው ቱብሩክ ነው፤ የተፈጨ ቡናና ስኳር ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ የፈላ ውሃ መድፋት፣ አተላው እስኪወርድ መጠበቅ። በቱጉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ማታ ማታ ኮፒ ጆስ ይሸጣል፤ የጋመ ፍም በመቆንጠጫ አንስተው ብርጭቆው ውስጥ ይከቱታል፣ ቡናው ይንተከተካል። ለማየት ያስደስታል፣ ለመጠጣት ግን የከሰል ጣዕም ያለው ጣፋጭ ውሃ ነው። በከረጢት የሚሸጠው ፈጣን ቡና ብዙውን ጊዜ ወተት አለበትና በጾም «ኮፒ ሂታም» በሉ። ሱማትራ የሚደርስ ሰው የቡና ቅጠል ተጠብሶ የሚፈላውን ካዋ ዳውን ይፈልግ፤ የሐረርን ኩቲ የሚያውቅ አይደነቅም፣ እዚያ ግን በኮኮናት ቅርፊት ነው የሚቀርበው።

ስለ ሉዋክ ቡና ሁሉም ይጠይቀኛል። ሉዋክ ከጥርኝ ወገን የሆነ እንስሳ ነው፤ የበሰለ ቡና ይበላና ፍሬው ከኩሱ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ በውድ ይሸጣል። ለቱሪስት የሚያሳዩት አብዛኛው እንስሳ በጠባብ ቀፎ የታሰረ ነው። እኛ ጥርኝ አስረን የምንወስደው ዝባዱን ነው፣ ያም ቢሆን ለእንስሳው ደግ ሥራ አይደለም፤ ግን ሽቶ ይሆናል እንጂ አይጠጣም። ለዚያ የምታወጡትን ገንዘብ የጋዮ ወይም የቶራጃ አረቢካ ግዙበት።